ቾክ ካልያዙት የሚጠፋ የጀልባ ሞተር፦ ካርቡራተር ከመግዛትህ በፊት

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ትናንት ማታ አነበብኩት። ዛሬ ጠዋት ቡናዬን ይዤ ልመልስልህ ተቀመጥኩ። ረዘም ይላል፣ ታገሠኝ።

ያልከው ባጭሩ ይኼ ነው። አባትህ ቆቃ ላይ አሣ ያጠምዱበት የነበረ ባለ 15 ፈረስ ጉልበት አሮጌ ቱ ስትሮክ ሞተር (ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀልበት ዓይነት) አለ። ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ገላን ቤታችሁ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አሁን ሁዳዴ ሳይገባ ልታስነሳው ፈለግክ። ቾክ ስበህ ገመዱን ስትጎትተው ይነሳል፤ ቾኩን ስትመልሰው ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ተንተፋትፎ ይጠፋል። ቾኩን በግማሽ ይዘህ ጋዝ ስትሰጠው ደግሞ ይሠራል። ያሳየኸው ሰው "ካርቡራተሩ አርጅቷል፣ አዲስ ግዛ" አለህ። አንተም "ልግዛ ወይስ ላሠራው?" ብለህ ጠየቅክ።

አትግዛ። ቢያንስ የምነግርህን ሳትሞክር አትግዛ።

እኔ ቱሉ ዲምቱ ነው የምኖረው። ከቆቃ፣ ከዝዋይና ከቢሾፍቱ የሚመጡ የጀልባ ሞተሮችን ጓሮዬ ውስጥ እሠራለሁ። አፉ የተከፈተ ባለ 200 ሊትር በርሜል አለኝ፣ ውሃ ሞልቼ ሞተሩን እዚያ ላይ አስሬ ነው የማስነሳው። አንተ የገለጽከውን ዓይነት ችግር ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጠርኩም። አዲስ ካርቡራተር ያስፈለገው ግን በጣት የሚቆጠር ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ካርቡራተር ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠው ዕቃ ነው። ቾክ ማለት የካርቡራተሩን የአየር መግቢያ የሚዘጋ ክዳን ነው። አየሩ ሲቀንስ ቤንዚኑ ይበዛል። ስለዚህ ቾክ ካልያዙት የሚጠፋ ሞተር ቤንዚን አንሶታል ማለት ነው። አሁን ደግሞ ያለንበትን ቦታ አስብ። ገላንና ቱሉ ዲምቱ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ናቸው። መሀል አዲስ አበባ ከዚህም ከፍ ይላል፤ እዚያ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። ፋብሪካው ካርቡራተሩ ላይ የገጠመው ጄት፣ ማለትም ቤንዚኑ ተለክቶ የሚያልፍባት ቀዳዳ ያላት ትንሽ የነሐስ ብሎን፣ ግን ለባሕር ዳርቻ አየር የተመረጠ ነው። እንግዲህ ጤነኛ ካርቡራተር እኛ ሰፈር ሲመጣ ቤንዚን ይበዛበታል እንጂ አያንሰውም። ጭሱ ይበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። 15 ፈረስ ጉልበት የተባለው ሞተር እኛ ጋ 12 እንኳ አይሞላም።

ያንተ ግን በዚህ ስስ አየር ውስጥ ሆኖ ቤንዚን አነሰኝ ይላል። ይህ የእርጅና ምልክት አይደለም። ጄት ሲያረጅ ቀዳዳው ይሰፋል እንጂ አይጠብም። የቤንዚን መዝጊያዋ መርፌ ስታረጅም ቤንዚን ታሳልፋለች፣ አትከለክልም። ሁለቱም ቤንዚን የሚያበዙ ናቸው። ስለዚህ ያንተ ሞተር ወይ የሆነ ቦታ ታፍኗል፣ ወይ ከጎን አየር እየሳበ ነው። ሁለቱም በእጅህ የሚስተካከሉ ነገሮች ናቸው።

ካርቡራተሩን ከመንካትህ በፊት ሁለቱን ካንዴላዎች ፍታና እሳት መስጠታቸውን እይ። ኮምፕሬሽንም፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን የአየር ግፊት፣ አስለካ። ንባቡ መጽሐፉ ላይ ካለው ያነሰ ቢሆን አትደንግጥ፣ ከፍታው ነው። ዋናው ሁለቱ ሲሊንደሮች መቀራረባቸው ነው። አንዱ ከሌላው ከአሥር በመቶ በላይ ከራቀ ችግሩ ሌላ ነው፣ ያኔ ካርቡራተሩን እርሳውና ተመልሰህ ጻፍልኝ። በግማሽ ቾክ ደህና ይሠራል ስላልክ ግን ይህ ችግር ያለብህ አይመስለኝም።

ቀጥሎ ቤንዚኑ። እዚህ ላይ አደራ፣ አትለፈው። ከአሮጌው ታንክ ትንሽ ቤንዚን ንጹሕ ሃይላንድ ውስጥ ቅዳና ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ለግማሽ ሰዓት አስቀምጠው። ከዚያ ከፍ አድርገህ ከሥሩ እየው። ውሃ ካለበት ታች ላይ እንደ ዶቃ ክብ ክብ ሆኖ ይተኛል፤ ጠርሙሱን ስታዘነብለው ለብቻው ይንከባለላል። አሽተውም። የቆየ ቤንዚን የቤንዚን ሽታ አይሸትም፣ የቀለም ሽታ ነው የሚሸተው። ቀለሙም ወደ ሻይ ይሄዳል። እንደዚያ ከሆነ መልሰህ አትጠቀምበት፣ ከአዲስ ጋር ቀላቅለህም አትሞክር።

ጎዳና ላይ በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን በተመለከተ ደግሞ፣ ማደያ ሰልፉ እንዴት እንደሆነና በጀሪካን መቅዳት ምን ያህል እንደሚያስቸግር አውቃለሁ፣ እኔም ተቸግሬ ገዝቼ አውቃለሁ። ግን ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት አጋጥሞኛል። ሞተሩ ሲሞቅ ይንኳኳል፣ ጠዋት ደግሞ አልነሳም ይላል። ለፍተሻ ከማደያ የተቀዳ ሁለት ሊትር ይበቃሃልና እሱን ፈልግ። ዘይቱን መቀላቀልም እንዳትረሳ፤ 50 ለ 1 ከሆነ ለሁለት ሊትር 40 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፣ ለ20 ሊትር 400። ዘይቱ በውሃ ለሚቀዘቅዝ ቱ ስትሮክ የተሠራው ይሁን። የሞተር ሳይክሉ አይሆንም።

ጎማዎቹንም እይ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ቤንዚን ላይ ኢታኖል ሲቀላቀል ነበር፣ መጀመሪያ 5 ከመቶ፣ በኋላ 10። ኢታኖል ውሃ ይስባል። ለእሱ ያልተሠራ የድሮ ጎማንም ያሳብጣል፣ ከውስጥ ይልጣል። ከታንክ ወደ ሞተር የሚሄደውን ጎማ አጥፈህ ጫፉን በጣትህ እሸው። ጣትህ ላይ ጥቁር ከቀባ ቀይረው። የተላጠው ጎማ ነው ሄዶ ጄት ላይ የሚቀመጠው። ስትቀይር ደግሞ ለቤንዚን የተሠራ ጎማ ግዛ። ያቺ ነጭ፣ ውስጧ የሚታየው የውሃ ፕላስቲክ ርካሽ ናት፣ ግን በሁለት ወር እንደ እንጨት ትደርቅና መገጣጠሚያው ላይ አየር ታስገባለች።

አሁን ሞተሩን በርሜል ውስጥ አስነሳው። ውሃው ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችውን ጠፍጣፋ ብረት መሸፈን አለበት። በደረቅ እንዳታስነሳው! ውሃ የሚስበው ፓምፕ ውስጥ ያለው ጎማ ያለ ውሃ በሰከንዶች ውስጥ ይቃጠላል። ከኋላ ካለችው ቀዳዳ ውሃ ሲተፋ ካላየህ አጥፋው።

ሲሠራ ቆይቶ ሊጠፋ ሲል መስመሩ ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ፣ ያቺን ኳስ የምትመስለውን ጎማ፣ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋት። በዚህ ጊዜ ነፍስ ከዘራ ካርቡራተሩ ንጹሕ ነው፣ ቤንዚን ነው የማይደርሰው። የታንኩ ክዳን ላይ ያለችውን የአየር ማስገቢያ ብሎን ከፍተሃታል? ይህቺን ብሎን ዘግተው ሞተሩ ተበላሽቷል ብለው ከዝዋይ ድረስ የመጡ ሰዎች አውቃለሁ። ብሎኗ ክፍት ከሆነና ኳሷ ራሷ ጨምድዳ ከቀረች ከታንኩ በኩል ተዘግቷል፣ ፊልትሮውን እይ። ኳሷ ስትጨመቅ መቼም አልጠነክር ካለች ደግሞ የሆነ ቦታ አየር ትስባለች፣ ወይም ውስጧ ያሉት ቫልቮች ሞተዋል። ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ሞተሩ ጎን ያለውን የቤንዚን ፓምፕ ፈትተህ ውስጡ ያለችውን ስስ ጎማ ብርሃን ላይ አሳያት። ከተሰነጠቀች ወይም ከደረቀች ትቀየራለች።

ኳሷን ስትጨምቅ ምንም ካልተለወጠ ወደ ካርቡራተሩ ግባ። ከዚያ በፊት ግን አንዲት ነገር። ሞተሩ በግማሽ ቾክ እየሠራ ካርቡራተሩ ከሞተሩ ጋር የሚገጥምበትን መስመር ዙሪያውን በጣትህ ግሪስ ቀባው። ድምፁ ከተለወጠ፣ ማለትም ከተስተካከለ ወይም ፍጥነቱ ከወረደ፣ አየር የሚስበው እዚያ ጋ ነው። ብሎኖቹን አጥብቅ፣ ካልሆነ ጋስኬቱን፣ ማለትም መሀል ላይ ያለውን የወረቀት ማሸጊያ፣ ቀይር። የጋስኬት ወረቀት ሶማሌ ተራ ታገኛለህ፤ የድሮውን ላዩ ላይ አስቀምጠህ በመቀስ መቁረጥ ትችላለህ።

ካርቡራተሩን የምትፈታው ውጭ፣ ንፋስ ያለበት ቦታ ነው። ከሰል ምድጃ አጠገብህ እንዳይኖር፣ ቡና እየተፈላ ከሆነ ጨርሳችሁ ጀምር። ነጭ ጨርቅ አንጥፍ። እያንዳንዱን ነገር ከመፍታትህ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳው። ከጎን ያለችውን የሚኒሞ (ጋዝ ሳትሰጠው ሞተሩ ቀስ ብሎ የሚሠራበት ፍጥነት) ማስተካከያ ብሎን ከመፍታትህ በፊት ደግሞ በቀስታ ወደ ውስጥ እስክትቆም አጥብቃትና ስንት ዙር እንደዞረች ጻፍ። አትጫናት፣ ጫፏ መርፌ ናት፣ ትጎዳለች። ይህን ቁጥር ያልጻፈ ሰው በኋላ ግማሽ ቀን ያጠፋል።

ሥር ያለውን ሳህን ስትፈታ መጀመሪያ የምታየው ተንሳፋፊውን ነው። የቤታችሁ ሮቶ ውስጥ ያለውን ኳስ አስብ፣ ሥራቸው አንድ ነው። ቤንዚኑ ሲሞላ ከፍ ብሎ መርፌዋን ይገፋና መግቢያውን ይዘጋል። አውጥተህ ጆሮህ አጠገብ ነቅንቀው። ውስጡ ፈሳሽ ከተንቦጫቦጨ ተቀዷል። ሳህኑ ሥር ምን እንዳለ በደንብ እይ። ቡናማ ደለል ከሆነ የደረቀ ቤንዚን ነው። አረንጓዴ ከሆነ ውሃ ቆይቶበታል። ነጭ ዱቄት ከሆነም አልሙኒየሙን ውሃ በልቶታል። ያንተ ከፋሲካ ጀምሮ ቤንዚን ውስጡ እንዳለ ስለቆመ ቡናማውን እንደምታገኝ እገምታለሁ፣ እንደ ማር ጣት ላይ የሚያጣብቅ።

አሁን ጄቶቹ። መሀል ላይ ያለችው ትልቋ ሙሉ ጋዝ ስትሰጥ የምትሠራው ናት። ያንተ ችግር እሷ አይደለችም። ቾኩን ስትመልሰው የሚጠፋው ሚኒሞ ላይ ነው። ሚኒሞውን የምትመግበው ትንሿ ጄት ናት፣ አንዳንዱ ካርቡራተር ላይ በጎማ ክዳን ሥር ተደብቃ የምትገኝ። ብዙ ሰው ካርቡራተር አጠብኩ ሲል ይህቺን ሳያያት ነው የሚገጥመው። ልኳ የሆነ ካቻቪቴ ፈልግ። ጠባብ ካቻቪቴ ከተጠቀምክ ነሐሷ ትላጥና እዚያው ትቀራለች።

አውጣትና በሁለት ጣትህ ይዘህ ወደ ፀሐይ አድርገህ በአንድ ዓይንህ አጮልቅ። ቀዳዳዋ ከፀጉር ብዙም የምትወፍር አይደለችም። ንጹሕ ከሆነች ጥርት ያለች ክብ የብርሃን ነጥብ ታያለህ። ክቧ ግማሽ ጨረቃ ከመሰለች፣ ወይም ዳር ዳሯ ከተሸረፈ፣ አልጸዳችም። ምንም ካላየህ ደግሞ ችግርህን በእጅህ ይዘኸዋል።

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ሽቦ ያስገባል። ከአንድ ጋራዥ የመጣ ሞተር አጋጥሞኝ ያውቃል፣ ጄቱ በብረት ሽቦ ተፍቆ ቀዳዳው ሞላላ ሆኖ ነበር። ነሐስ ለስላሳ ነው። ቀዳዳው በትንሹ ከሰፋ ያ ጄት አበቃ፣ ቁጥሩ ላዩ ላይ ተጽፎ ቢቀርም ያ ቁጥር አይደለም። ባለቤቱ ለምን ቤንዚን እንደሚበላበት ሳያውቅ ሁለት ዓመት ሲነዳው ኖሯል። አንተ የካርቡራተር ማጠቢያ ስፕሬይ ግዛና ነክረህ አሳድረው። ጠዋት ንፋበት። ካልከፈተ ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ አንድ ቀጭን የመዳብ ክር መዝዘህ፣ ሳትገፋ፣ በቀስታ አሳልፍ። ቲነር ውስጥ ጎማ ያለበትን ዕቃ አትንከር።

ከዚያ አካሉን ይዘህ ሰፈርህ ያለው ጎሚስታ ጋ ሂድ። የሱ ንፋስ ጥሩ ነው። ተንሳፋፊውን፣ መርፌዋንና ጎማዎቹን በሙሉ አውጥተህ ቤት ተዋቸው፣ በዚያ ግፊት ይጎዳሉ። መጀመሪያ ቱቦውን ወደ መሬት አድርጎ ትንሽ ያስተንፍሰው፣ ኮምፕሬሰሩ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ይኖራል። ከዚያ እያንዳንዷን ቀዳዳ ንፋ። የጋዝ ክዳኑ አጠገብ፣ ከጎሮሮው ውስጥ፣ ሁለት ወይም ሦስት የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ቀዳዳዎች አሉ። ሚኒሞው የሚወጣው በነሱ ነው። ከትንሿ ጄት ቦታ ስፕሬዩን ስትረጭ በነዚህ ሁሉ ቀጭን ፈሳሽ ሲወጣ ማየት አለብህ። በአንዷ እንኳ ካልወጣ ገና ነው፣ መልሰህ ንከር። እኔ አንዱን ሦስት ቀን ነክሬ ነው የከፈትኩት። በሦስተኛው ቀን ያቺ ቀጭን ፈሳሽ ስትወጣ የነበረኝን ደስታ አልረሳውም።

ስትገጥመው የሚኒሞዋን ብሎን በጻፍከው ቁጥር መልሳት። ቁጥሩ ከጠፋብህ አንድ ዙር ተኩል መነሻ ይሆንሃል። ሞተሩ በርሜል ውስጥ በደንብ ይሙቅ፣ ቾኩ ሙሉ በሙሉ ይመለስ፣ ከዚያ ሩብ ዙር ሩብ ዙር እያልክ ፈልጋት። ብዙዎቹ ላይ ወደ ውስጥ ስታጠብቃት ቤንዚን ይቀንሳል። ሞተሩ ሊጠፋ የሚደርስበትን ነጥብ ካገኘህ በኋላ ትንሽ ወደ ውጭ መልሳት። ቱ ስትሮክ ላይ ከማነስ መብዛት ይሻላል።

ይህን የምልህ አንድ ጊዜ ከባድ ስህተት ስለሠራሁ ነው። አንድ የዝዋይ ዓሣ አጥማጅ 25 ፈረስ ጉልበት ሞተር አምጥተውልኝ ነበር። እዚህ ጓሮዬ ውስጥ ሳስነሳው ጭሱ በዛ፣ ካንዴላውም ጠቆረ። እኔም ትልቋን ጄት አውጥቼ በትንሽ ቁጥር ቀየርኳት። ጭሱ ጠፋ፣ ድምፁ አማረ፣ ሰውየውም መርቀውኝ ሄዱ። ዝዋይ ግን 1,640 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ከቱሉ ዲምቱ ይወፍራል። በርሜል ውስጥ ደግሞ ሞተር ጭነት የለበትም። እሳቸው መረብና አሣ ጭነው ሙሉ ጋዝ ሲሰጡት ቤንዚኑ አነሰው፤ ቱ ስትሮክ ላይ ቤንዚን አነሰ ማለት አብሮት ያለው ዘይትም አነሰ ማለት ነው። ፒስተኑ ግሎ ሲሊንደሩ ላይ ተጣበቀ። እኚያ ሰው ሐይቁ መሀል ቆመው ሌላ ጀልባ ጎትቶ አወጣቸው። ፒስተኑንና ፋሻውን በራሴ ወጪ ገዝቼ ሠራሁላቸው፣ ግን በዚያ ሳምንት ያጡትን ገበያ መመለስ አልቻልኩም። ሁዳዴ ነበር።

ስለዚህ ትልቋን ጄት እዚህ እንዳትነካት። ቆቃ 1,600 ሜትር ገደማ ነው። ሞተሩን ጓሮህ ውስጥ ሚኒሞው ቀጥ እንዲል ብቻ አድርገው። የመጨረሻውን ማስተካከያ እዚያው ውሃው ላይ ሥራው። ሁለት አዲስ ካንዴላና ካቻቪቴ ይዘህ ሂድ፣ ጀልባዋ እንደተለመደው ትጫን። ባትጫን ምንም አታውቅም። ጠጋ ባለ ቦታ አምስት ደቂቃ ሙሉ ጋዝ ንዳና ሳትቀንስ በአንዴ አጥፋው፣ ከዚያ ካንዴላዎቹን ፍታ። ነጩ ሸክላ በደንብ የተቆላ ቡና ቀለም ከያዘ ደህና ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ እሱ አይገድልም። ነጭ፣ ደረቅ፣ አመድ የመሰለ ከሆነ ግን ያን ቀን አትንዳ። ቀዝፈህ ተመለስና እንደገና እንነጋገር። በዚያ ላይ ቆቃ እምቦጭ አለ። ውሃ መሳቢያው ላይ ከተለጠፈ ሞተሩ ይግላል። የግለቱን ነገር በካርቡራተሩ እንዳታሳብብ በየመሀሉ የምትተፋውን ቀዳዳ እያት። አባ ሳሙኤል ግድብ ቅርብ ነው ብለህ እዚያ ለመሞከር እንዳታስብ፣ እምቦጩም ቆሻሻውም አያስኬድህም።

ወጪውን ለጠየቅከው ዋጋው በየሳምንቱ ስለሚቀያየር ቁጥር አልጽፍልህም። የሚያስፈልግህ ግን አንድ ስፕሬይ፣ ሁለት ካንዴላ፣ አንድ ሜትር ተኩል የቤንዚን ጎማ፣ ትንሽ የጋስኬት ወረቀትና የጎሚስታው ሻይ ነው። መርፌዋ ጫፏ ላይ ቀለበት የመሰለ ስንጥቅ ካለባት እሷን ጨምር። የሞተር ሳይክል መርፌ ትመስላለች ብለህ አታቀያይር፤ ርዝመቷ በትንሹ ከተለየ የቤንዚኑ ከፍታ በሙሉ ይዛባል።

አዲስ ካርቡራተር የሚያስፈልገው መቼ ነው ካልክ፣ አልሙኒየሙን ውሃ በልቶት ውስጡ ያሉት መተላለፊያዎች ከተቦረቦሩ፣ ወይም የጋዝ ክዳኑ ዘንግ ወዲህ ወዲያ እስኪል ተበልቶ በዚያ በኩል አየር የሚስብ ከሆነ ነው። ዘንጉን በሁለት ጣትህ ይዘህ ወደ ላይና ወደ ታች ሞክረው። ካልተንቀጠቀጠ አባትህ የተጠቀሙበት ካርቡራተር ገና ብዙ ሁዳዴ ይሠራል።

ቅዳሜ ከፈታኸው ሳህኑ ሥር ያገኘኸውንና ትንሿን ጄት ወደ ብርሃን አድርገህ ፎቶ አንሳና እዚሁ ለጥፈው። ላይዋ ላይ የተጻፈው ቁጥር እንዲታይ አድርገህ። እኔም ከሰዓት በኋላ ስልኬ አጠገቤ ይሆናል።